አንለይ ሰባተኛ ክፍል የተመለሰ ጊዜ

አሶሳ መናኸሪያ ውስጥ አንለይ አሳምነውን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ለከተማው እንግዳ ነው፣ ወይ በእግሩ የሚሄድ ነው። ከአሶሳ ሸርቆሌ በሚመላለሰው ነጭ ሚኒባሱ ላይ ዕድሜውን ገፍቷል። ምሳውን መሪ ላይ ሆኖ ይበላል፤ ጠቡንም ዕርቁንም መሪ ላይ ሆኖ ይጨርሳል፤ ሚስቱ መነን እንደምትለው ሕልሙን እንኳ የሚያየው በሦስተኛ ማርሽ ነው። ቤት ሲገባ ተቀምጦ ውሃ አይጠጣም። ጓሮ ወጥቶ አጥር ይነቀንቃል፣ ይመለሳል፣ ሬዲዮ ይከፍታል፣ ዜናው ሳያልቅ ይዘጋል። ቁጭ ካለም ግራ እግሩ ፍሪሲዮን እንደሚረግጥ ሁሉ ወለሉን ይደበድባል።

ልጅ ሆኖም እንዲሁ ነበር። በደርግ ጊዜ፣ በድርቁ ዘመን፣ ከላስታ ከወላጆቹ ጋር ተጭነው ሲመጡ ስድስት ዓመቱ ነበር። ከአሶሳ ዙሪያ ካሉት የሰፈራ መንደሮች፣ አምባ ከሚባሉት በአንዱ አደገ። ትምህርት ቤት ገብቶ እስከ ሰባተኛ ክፍል ደረሰና እዚያው ላይ ተወው። ችግር አላስገደደውም፤ ማንም አላባረረውም። ቁጭ ብሎ ከሰሌዳ መገልበጥ አልሆነለትም። አስተማሪው ይጽፋል፣ እነሱ ይገለብጣሉ፣ ደወል ይደወላል፣ ሌላው አስተማሪ ገብቶ ይጽፋል። አንድ ቀን ሰሊጥ የጫነ አይሱዙ መንገድ ዳር ቆሞ ረዳት ሲፈልግ አየና ደብተሩን ለጓደኛው ሰጥቶ ዘሎ ወጣ። እናቱ እስኪመለስ ድረስ ስታለቅስ ከረመች። እሱ ግን ያን ቀን ገና አየር የሳበ መስሎት ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው ቤት ዋለ ቢባል ማን ያምናል? ግን ዋለ። አንድ ዓመት ናፍጣ ጠፋ። ማደያው ፊት የተሰለፈው መኪና ጫፉ አይታይም፤ አንዳንዱ ሾፌር ፍራሽ አውጥቶ መኪናው ሥር ይተኛል። አንለይ ሚኒባሱን ወረፋው ላይ አቁሞ፣ ለጎረቤት መኪና ረዳት አደራ ብሎ፣ ቤት ይመጣል፤ ደግሞ እንዳልቀደሙት ለማየት ይመለሳል። ከማደያ ቤት፣ ከቤት ማደያ። ሰውየው ጎድጓዳ ውስጥ እንደወደቀ ጎማ ባለበት ይሽከረከር ጀመር።

ከዚህ ምልልሱ በአንዱ ነው ልጁን ያያት። ሕብረትን ሲያውቃት የኖረው በተኛችበት ነው፤ ሳትነቃ ይወጣል፣ ከተኛች በኋላ ይገባል። አሁን በጠራራ ፀሐይ በር ላይ ሲያገኛት ቁመቷ ትከሻው ደርሷል። ሰላም ስትለው አታየውም። ሲጠይቃት በአንድ ቃል ትመልሳለች፤ ሁለተኛ ሲጠይቃት ትነሳና ትወጣለች።

«ይቺ ልጅ ምን ሆናብኝ ነው?» አለ መነንን።

«አሥራ ሦስት ዓመት» አለችው መነን፣ ሽሮ እየነፋች። «ሌላ ምንም አልሆነችም።»

አንድ ቀን ጠዋት መጠባበቂያ ጎማውን ሊያይ ጓዳ ገባ። ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ከመነዳሪ፣ የጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ በቀጭን በቀጭኑ ተተልትሎ፣ እንደ ሪባን ተጠቅልሎ አገኘው። ዐይኑ ደም ለበሰ።

«ሕብረት! ይሄን ማን ነው የቆራረጠው?»

ከውጭ ገባች። አልደበቀችም። «እኔ ነኝ። ለሙያና ቴክኒክ ትምህርት ነው። የቀርከሃ ዱካ እየሠራን ነው፤ መቀመጫው በጎማ ነው የሚጠለፈው። አሮጌ መስሎኝ ነበር።»

«ዱካ! ዶክተር ሁኚ ብዬ ብልክሽ ዱካ ትሠሪያለሽ? ሰባተኛ ክፍል ገብተሽ ዱካ?»

«ዱካ ብቻ አይደለም። ሥዕልም አለ፣ ዘፈንም አለ…»

«ዘፈን!»

«አባዬ፣ ምን እንደምማር አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለችና ወጣች። በሩን አልወረወረችውም፤ ቀስ ብላ ዘጋችው። ቢወረወር ይሻለው ነበር።

ያን ቀን ወረፋው ላይ ያነሳው ወሬ ሌላ አልነበረም። ለካ እሱ ብቻ አይደለም። አንዱ አባት ልጁ ቤት እየመጣ ኳስ በጭንቅላት መግጨት እንደ ቤት ሥራ ተሰጠኝ እንደሚል ተናገረ። ሌላው «አስራ ምናምን ትምህርት ነው እኮ! ልጅ ነው ወይስ የእህል ጎተራ?» አለ። ለስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና የሚያስፈልገው ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና ሳይንስ ሆኖ ሳለ ጊዜው በሥዕልና በቀርከሃ ማለቁ ሁሉንም አንገብግቧል። በቅርቡ የወላጆች ስብሰባ ስላለ አንድ ሰው ይናገርልን ተባለ። ከመናኸሪያው ሰው ሁሉ ድምፁ የሚሰማ ማን ነው? አንለይ ነው። «እኔ እነግራቸዋለሁ» አለ። ስብሰባው እስኪደርስ መጠበቅ ግን አልቻለም። ከወረፋው በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ኢተፋ ይባላሉ። ቤተሰቦቻቸው ከወለጋ መጥተው ባምባሲ የከተሙ፣ ለስላሳ ድምፅ ያላቸው፣ ሰው ሲጮህባቸው መነጽራቸውን የሚያወልቁ ሰው ናቸው። አንለይ ገና ከበሩ ሲጀምር መነጽራቸውን አወለቁ። ከመነዳሪውን፣ ዱካውን፣ ዘፈኑን፣ ሁሉንም ሰሙት።

«ጨረሱ አቶ አንለይ?»

«አልጨረስኩም፤ ግን ይናገሩ።»

«እኔም እዚሁ ሰባተኛ ክፍል አስተምሬ ነው ያረጀሁት። ድሮ በዚህ ዕድሜ ያሉትን እንደ ትናንሽ ትልልቅ ሰዎች ነበር የምናስቀምጣቸው። ግማሾቹ ይሄዱብን ነበር። አሁን ትንሽ እጃቸውም፣ እግራቸውም፣ ጭንቅላታቸውም ይሥራ ተብሎ ነው። ትክክል ነው አልልም፤ ቀለም የለንም፣ መጽሐፉ ለሦስት ልጅ አንድ ነው። ስብሰባው ላይ የፈለጉትን ይናገሩ። ግን ሳያዩ አይናገሩ። ሰባተኛ ለ ኋላ ላይ ባዶ ዴስክ አለ። ይቀመጡና ይዩ።»

«እኔ? ክፍል ውስጥ?»

«ናፍጣም የለም ሲሉ ሰማሁ» አሉ አቶ ኢተፋ፣ መነጽራቸውን መልሰው እያደረጉ።

አንለይ እምቢ ቢል ፈራ ሊባል ነው። በማግስቱ ጠዋት ገባ። ልጆቹ ሁሉ ብድግ ብለው አዲስ አስተማሪ መስሏቸው «እንደምን አደሩ» አሉት። ሕብረት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ዴስኩ ውስጥ ሲገባ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። የመጀመሪያው ሒሳብ ነበር። አስተማሪው ጎበዝ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሰሌዳውን ሞልቶ አጥፍቶ ደግሞ ይሞላል። አንለይ መጀመሪያ ደስ አለው፤ ትምህርት ማለት ይሄ ነው አለ በልቡ። ብዙም ሳይቆይ ግን መስመሩ ጠፋበት። ላብ ላብ አለው። ግራ እግሩ ወለሉን መደብደብ ጀመረ። እንዳይታይበት ዝቅ ብሎ ሲመለከት ነው ያየው፤ ከኋላ ሲታይ ክፍሉ ሁሉ እግር ነበር። ሰማንያ የሚሆን እግር፣ ነጠላ ጫማ ያደረገ፣ ሸራ የተጫማ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የሚሸራሸር፣ የሚወዛወዝ፣ የዴስኩን ብረት የሚመታ። ከወገብ በላይ ሁሉም ጸጥ ብሎ ይጽፋል፤ ከወገብ በታች ሁሉም መንገድ ላይ ነው። የሕብረትን እግር ፈልጎ አገኘው። ግራዋ ነበር።

ከዚያ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ሆነ። አንለይ ሩጫ መስሎት ተደሰተ፤ አስተማሪዋ ግን በዚያ ቀን ልጆቹን አስቀምጣ በዚህ ዕድሜ ሰውነት ላይ ስለሚመጣው ለውጥ ማስረዳት ጀመረች። የወንዶቹን ድምፅ፣ የሴቶቹን የወር አበባ፣ ሁሉንም በስሙ እየጠራች። አንለይ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ሲስል ሲስል ተነስቶ ወጣ። ቧንቧው ጋ ቆሞ ፊቱን ሲታጠብ የአስተማሪዋ ድምፅ በተከፈተው መስኮት ተከተለው።

«በትንሹ ትቆጣላችሁ» ትላለች። «በትንሹ ይከፋችኋል። ለምን ብትባሉ ራሳችሁም አታውቁትም። ይሄ ብልግና አይደለም። ቤት ውስጥ ባይገባቸው እንኳ ለእናንተ ይግባችሁ።»

አንገቱን ሰገግ አድርጎ አየ። ሕብረት አጎንብሳ፣ ጥፍሯን እየነከሰች፣ ራሷን በቀስታ ትነቀንቃለች። እሱ ያን ዕለት እንዴት እንደጮኸባት ትዝ አለውና ውሃውን ሳይዘጋ ሄደ። ተመልሶ ዘጋው። ክፍል ግን ለዚያ ቀን አልገባም።

መነን ማታ «እህሳ፣ ምን ተማርክ?» ብላ ስትስቅበት «ሞቀኝ» ብቻ አላት።

ቢሆንም በማግስቱ ሄደ፤ በሦስተኛውም። ሥዕል ሲማሩ ሰልችቶት በመስኮት መኪና ሲቆጥር ዋለ። ይህን እውነቱን መናገር ነው፤ ሥዕሉ እስከ መጨረሻውም አልገባውም። ሙያና ቴክኒክ ላይ ግን ተነስቶ ቀርከሃ ከሚሰነጥቁት ልጆች መሀል ገባ፤ አስተማሪው «አባታችን፣ ለልጆቹም ይተዉላቸው» እስኪለው ድረስ ሠራ።

የኅብረተሰብ ትምህርት የምታስተምረው ዐርዋ የምትባል የበርታ ልጅ ናት። አሶሳ ተወልዳ፣ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ እዚያው የምታስተምር። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት አጣብቃ ግድግዳውን የሚሸፍን ካርታ ሠርታለች። ልጆቹ እያንዳንዳቸው ቤተሰባቸው ከየት፣ እንዴት፣ ለምን እዚህ እንደደረሰ ቤት ጠይቀው መጥተው ከመጡበት እስከ አሶሳ ድረስ ክር ይወጥራሉ። ክሩ ከቡለን ይነሳል፣ ከወለጋ ይነሳል፣ ከሱዳን ድንበር ይነሳል። የአንዳንዱ ክር ደግሞ አጭር ነው፤ ከአሶሳ ተነስቶ አሶሳ ይደርሳል።

«የሕብረት ክር የታል?» አለች ዐርዋ።

ሕብረት ቆመች። «አባቴ ከወሎ ነው። እንዴት እንደመጣ ግን አላውቅም። ስጠይቀው ‹በመኪና› አለኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንለይም ሊስቅ ብሎ ተወው፤ ይህን ማለቱን አያስታውስም፣ ግን እሱ ነው፤ እሱ እንዲህ ነው የሚለው።

«ባለቤቱ እዚህ ካሉማ እኛ ምን አደከመን» አለች ዐርዋ ወደ ኋላ ዞራ። «አቶ አንለይ፣ ፈቃድዎ ከሆነ?»

አንለይ ከዴስኩ ውስጥ ራሱን ነቅሎ ቆመ። መናኸሪያ ላይ የሚያስተጋባው ድምፁ የት እንደገባ አልታወቀም።

«በመኪናም ነው፣ በአውሮፕላንም ነው» ብሎ ጀመረ። «መጀመሪያ ረሃብ ነበር። ከዚያ ሰዎች መጡና ለም አገር አለ፣ በሬ ይሰጣችኋል አሉን። አባቴ አልፈለገም፤ ግን ስም ተጽፎ ነበር። በመኪና ጭነው ወሰዱን፤ ከዚያ ትልቅ የወታደር አውሮፕላን፣ ወንበር የለው፣ እንደ ማዳበሪያ ቆመን ተጫንን። ሰው ሁሉ ያስመልሳል። እዚህ ስንወርድ ሣሩ ከሰው ይበልጥ ነበር። ሙቀት ነው፣ ወባ ነው። ማታ ያወራኸው ሰው ጠዋት የለም። አባቴ በመጀመሪያው ክረምት ሞተ።»

ልጆቹ እግራቸውን እንኳ አያንቀሳቅሱም።

«እናቴ የምታበላን አጣች። አንድ ቀን አንድ የዚህ አገር ሰው ቋንቋችንን ሳያውቅ መጥቶ የቀርከሃ ቡቃያ ሰጣትና እንዴት እንደሚቀቀል በእጁ አሳያት። እሱን በልተን ነው የተረፍነው። በቃ፣ ይሄው ነው።»

ሊቀመጥ ሲል ከፊት አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ሙርሳል ነው፤ ቤቱ በርታ የሚናገር፣ አማርኛ ሲናገር ቃሉን እየመረጠ የሚረግጥ ልጅ።

«መምህርት፣ አያቴ ግን ሌላ ነው የሚል።»

«ምን ይላሉ?»

«ያ ቦታ የኛ ነበር ይላል። አያቴ እዛ ነው የተወለደች። ቀርከሃው ሁሉ በዶዘር ነቀለ። ማንም አልጠየቀን ይላል።»

‹አያቴ የተወለደች› ሲል ሁለት ሦስት ልጆች አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ዐርዋ በዐይኗ ዝም አሰኘቻቸው። አንለይ ግን ሳቁን አልሰማም። ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ።

«እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር!» አለ፤ ድምፁ ተመለሰለት። «ዶዘሩን እኔ ነዳሁት? አባቴ ነዳው? አባቴ ሞቷል እኮ!»

«አቶ አንለይ፣ ማንም እርስዎን አልከሰሰም» አለች ዐርዋ ቀስ ብላ።

እሱ ግን ወጥቶ ሄዷል።

ወረፋው ጋ ደረሰ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ገባ፣ ሞተሩን ሳያስነሳ መሪውን ይዞ ተቀመጠ። በየጊዜው እንዲህ የሚል ነገር ሲሰማ ሆድ ይፍጀው ብሎ ነበር የሚያልፈው። በክልሉ ሰው በዘሩ ሲሳደድ በነበረባቸው በእነዚያ ክፉ ዓመታት፣ ተሳፋሪ ሁሉ የጎረቤቱን ስም ሳይጠይቅ ለመገመት ሲሞክር፣ እሱ ሬዲዮ ከፍቶ ነበር የሚነዳው። ‹ሰፋሪ› ሲሉት ይስቃል። ዕድሜ ልኩን እዚህ የኖረ ሰው ሰፋሪ ይባላል? ካልሆነስ ምን ይባላል? ከተንቀሳቀሰ አይደርስበትም፤ የቆመ ዕለት ነው ጥያቄው የሚይዘው። ይኸው ቆመ።

ቤት ሲገባ ሕብረት በር ላይ ነበረች። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እሷ ቀድማ ተናገረች።

«ሙርሳል ክፉ አላሰበም። የአያቱን ነው የተናገረው።»

«ሰምቻለሁ።»

«እሱ የአያቱን ያውቃል። እኔ ያንተን ዛሬ ነው የሰማሁት።» «ስትናገር ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። «ከዚያ ጮህክ።»

ጓሮ ወጥቶ አጥሩን ነቀነቀ። አጥሩ ጠንካራ ነበር።

በማግስቱ የሙርሳልን አያት ሼህ ጁምዓን ሊያይ ሄደ። መንደራቸው ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ፣ በየቀኑ ጡሩምባ እየነፋ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ነው። በእግሩ ረግጦት አያውቅም። ሽማግሌው ማንጎ ሥር ተቀምጠው ቀርከሃ ይሰነጥቃሉ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሼህ።»

«ወዐለይኩም ሰላም» አሉ ቀና ብለው። ረጅም አዩት። «አንተ ጡሩምባው አይደለህም እንዴ? ነጩ መኪና?»

«እኔ ነኝ።»

«ቁጭ በል። ልጁ ነገረኝ። ተናደደች አለኝ፤ አንተን ማለቱ ነው።»

ተቀመጠ። እግሩን በእጁ ይዞ አቆመው። «ሼህ፣ ልጁ የተናገረው እውነት ነው?»

«ወላሂ እውነት ነው። አባቴ ቤት እዛ ነበር። ቀርከሃ፣ ማር፣ ሁሉ እዛ ነበር። አንድ ቀን መኪና መጣ፣ ተነሱ አለ። ተነሳን።»

«ታዲያ የእናንተ ሰው ለእናቴ ምግብ ያመጣላት ለምንድን ነው? ቦታችሁን ወስደን?»

ሽማግሌው ቢላዋውን አስቀመጡ። «መስኪን ልጅ በዐይንህ ፊት ሲሞት ምን ታደርጋለህ? መሬት ሌላ ነው፣ ልጅ ሌላ ነው። እናንተ አልመጣችሁም፤ አመጡዋችሁ። አውቃለሁ። ግን እኔ ተናድጄ ነበር። አሁንም ተናድጃለሁ። ውሸት አልነግርህም።»

አንለይ የሚጠብቀው ሌላ ነበር። ወይ ይቅር ብለናል እንዲሉት፣ ወይ እንዲሰድቡት፤ ከሁለቱ አንዱን ቢያገኝ ተነስቶ መሄድ ይችል ነበር። ሁለቱንም አልሰጡትም።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለ።

«ምንም። ጡሩምባ ቀንስ። ሕፃን ያስነሳል።»

አንለይ ሳያስበው ሳቀ። ሽማግሌውም ትከሻቸው ተነቃነቀ። ከዚያ ሽማግሌው ዐርዋ ትምህርት ቤት መጥተው ለልጆቹ እንዲነግሩ ለምናቸው እምቢ እንዳሏት አወሩት። አማርኛቸው ስለሚሰበር ልጆች እንዲስቁባቸው አይፈልጉም።

«በበርታ ይንገሯቸው» አለ አንለይ። «ሙርሳል ይተርጉም። ናፍጣ ካገኘሁ እኔ ራሴ መጥቼ እወስድዎታለሁ።»

«ኢንሻ አላህ» አሉ። እሺታ ይሁን እምቢታ አልታወቀም።

የወላጆች ስብሰባ እሑድ ጠዋት ሆነ። የመናኸሪያው አባቶች ፊት ለፊት ተደርድረው አንለይን እየተጠቃቀሱ ያዩታል። ስሙ ሲጠራ ተነሳ። የማደያው ንግግሩ ከጭንቅላቱ ጠፍቷል።

«እኔ ሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት» አለ። «ሰሞኑን ተመልሼ ገብቼ ነበር። ሒሳቡ ጠቃሚ ነው፤ ይጨመር ካላችሁ ይጨመር። ሥዕሉ አልገባኝም። ግን እነዚህ ልጆች እግራቸው አይቀመጥም። የኔም አይቀመጥም ነበር፤ የሚይዘኝ ስላጣሁ ሄድኩ። ለእነሱ የሚይዛቸው ነገር እየተፈለገ ነው። የኅብረተሰቡንና የእጅ ሥራውን አትንኩ። እኔ ያልኩት ይሄን ነው።»

«አንለይ! ምን አጎረሱህ?» አለ አንዱ ከፊት። ሰው ሳቀ፤ ሌላው ተቆጣ። ክርክሩ ተራዘመ። አቶ ኢተፋ መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። በመጨረሻ የሆነው ግማሽ ነው። የእጅ ሥራው ወላጅ ዕቃ እንዳይጠየቅ ተብሎ ጸና። የዐርዋ ትምህርትም ባለበት ቀረ። የሥዕልና የዘፈኑ ክፍለ ጊዜ ግን ተቀንሶ ለሒሳብ ማጠናከሪያ ሆነ። ሲወጡ የሥዕል አስተማሪው፣ ገና ጺሙ ያልጠነከረ ወጣት፣ በአንለይ ፊት አልፎ ሰላም ሳይለው ሄደ። አንለይ ‹አልገባኝም› ያለውን ያህል ‹እናንተም አልገባችሁም፣ ስለዚህ አትንኩት› ማለት ይችል ነበር። አላለም።

ናፍጣ መጣ። አንለይ መንገዱ ላይ ተመለሰ፤ ሚኒባሱ ሞላ፣ ረዳቱ «ሸርቆሌ፣ ሸርቆሌ!» ማለት ጀመረ። አንድ ከሰዓት ከሸርቆሌ ሲመለስ ሼህ ጁምዓ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ በትራቸውን ይዘው መንገድ ዳር ቆመው አገኛቸው። ጋቢና አስገብቶ ወደ ከተማው ሲገባ መናኸሪያ በመሄድ ፈንታ ወደ ትምህርት ቤቱ ታጠፈ። ተሳፋሪው ጮኸ።

«ትንሽ ታገሱኝ!» አለ። «ዛሬ ዋጋ አልጨምርም፣ ብትፈልጉ ስደቡኝ።»

ሽማግሌውን ክፍሉ በር ድረስ ሸኘና ለመውጣት ዞረ። እግሩ ግን መስኮቱ ጋ ቆመ። ሼህ ጁምዓ በበርታ ይናገራሉ፣ ሙርሳል ላብ እስኪያጠምቀው ድረስ በአማርኛ ይለውጣል፤ ወንድ ሴት ይሆናል፣ የቀድሞው የአሁን ይሆናል። ያን ቀን ማንም አልሳቀም። ከመኪናው በኩል አንዱ ተሳፋሪ ጡሩምባውን ረገጠው። አንለይ ዘወር ሳይል እጁን ብቻ አነሳ።

ሕብረት ተነሳች። «እኔ የምጠይቀው… ታዲያ አሁን እኛ እንግዳ ነን ወይስ የአገሩ ሰው?»

ሙርሳል ተረጎመላቸው። ሽማግሌው በተሰበረው አማርኛቸው ራሳቸው መለሱ።

«እንግዳ ይሄን ያህል ዓመት አይቀመጥም። የቤት ሰው ደግሞ ሲገባ ይጠይቃል። እናንተን የሚያስገባ አልጠየቀም። ሁለቱም ነው። እኔ ሌላ ቃል የለኝም። እናንተ ብዙ ቋንቋ ትማራላችሁ፤ ቃል ፈልጉ።»

አንለይ ወደ መኪናው ሲመለስ ተሳፋሪው ሁሉ ተቆጥቶ ነበር። የተናገሩትን ሁሉ እየሰማ ሞተሩን አስነሳ። ቀለለው ማለት አይቻልም። ‹ሁለቱም ነው› የሚለው ነገር መናኸሪያ እስኪደርስ ድረስ ከወንበሩ ሥር እንደገባ ጠጠር ሲቆረቁረው ነበር።

በሳምንቱ ቅዳሜ ሕብረት ጋቢና ተቀምጣ አብራው ሸርቆሌ ሄደች። ጠይቃው አይደለም፤ ጠዋት ሲወጣ «ትመጫለሽ?» አላትና መጣች። ከከተማው ከወጡ በኋላ እሱ፣ ዐይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ ክፍል ውስጥ ያልተናገረውን ነገራት። እህት ነበረችው። በዚያው ክረምት፣ ከአባቱ ቀድማ ነው የሞተችው።

«ስሟ ማን ነበር?»

«ደብሪቱ።»

ከኋላ «ወራጅ አለ!» ተባለ። አቆመ። ሴትዮዋ ዶሮዋን ይዛ ወረደች፣ በሩ ተዘጋ፣ ረዳቱ ጣሪያውን መታ። አንለይ አልተንቀሳቀሰም።

«ከአውሮፕላኑ ስንወርድ» አለ፣ «እናቴ አዝላት ነበር፤ እኔ ደግሞ የደብሪቱን እግር ይዤ እሄድ ነበር። እንዳልጠፋ ብላ እናቴ ነች እግሯን ያስያዘችኝ። ትንሽ ነበረች። እግሯ ዝም አይልም ነበር።»

ማርሽ አስገባና ቀጠለ።